«ዳውን አት ሂል» ማለት ድሃ ማለት አይደለም፤ እኛም ተሳስተን ነበር

ዛሬ የምናወራው ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ አባባል ነው። ጽሁፉ ማብራሪያም ነው፣ እርማትም ነው። እርማቱ የራሳችን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰሞኑን አንድ የጥሊሊ ልጅ በውስጥ መስመር ጻፈልን። 12ኛ ክፍል ጨርሷል፤ ለውጭ ሀገር የትምህርት ዕድል ማመልከቻ እየሞላ ነው። ማመልከቻው ላይ «ስለ ቤተሰብህ ጻፍ» የሚል ቦታ አለ። እናቱ ድንች እየቸረቸሩ ነው ያሳደጉት። «ድሃ ናት» ብሎ እንዳይጽፍ ሁሉም ሰው የሚጽፈው እሱን ነው፤ ለየት ያለ ነገር ፈለገ። ስልኩ ላይ ሲፈላልግ «ዳውን አት ሂል» የምትል አባባል አገኘ። እናም «እናቴ ዳውን አት ሂል ሴት ናት» የሚል ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጽፎ ስክሪንሾቱን ላከልን። «ይቺ ትክክል ናት ወይ?» አለን።

እኛ ምን አልነው? እውነቱን እንናገር፤ ሻይ እየጠጣን ነበር። ቶሎ ብለን ጎግል ላይ አየናት፣ «ጎስቋላ፣ ያልተመቸው» የሚል ነገር መጣልን፣ «አሪፍ ናት፣ ላካት» አልነው።

ማታ ላይ ግን ነገሩ ከነከነን። ሰው ስለ እናቱ ለሚጽፈው ነገር የሻይ ሰዓት መልስ መስጠት ልክ አይደለም። መዝገበ ቃላት አገላበጥን፣ አባባሏ በጋዜጦችና በመጻሕፍት እንዴት እንደምትገባ አየን። ተሳስተናል። ደግነቱ ልጁ ገና አልላካትም ነበር።

ስለዚህ ያየነውን ለሁላችሁም እናካፍል።

መጀመሪያ፦ ቃል በቃል ምንድን ነው?

«ዳውን» ወደ ታች ነው። «ሂል» ተረከዝ ነው። የትርጉም አፕ ቃል በቃል ሲያስቀምጠው «ተረከዝ ላይ ወደ ታች» ዓይነት ነገር ይሰጣችኋል፤ ምንም አይነግራችሁም።

ቁልፉ ተረከዙ የሰውየው አለመሆኑ ላይ ነው። የጫማው ነው። እኛ «ታኮ» የምንለው ማለት ነው። በነገራችን ላይ ታኮ ራሱ የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ ጫማ ጠጋኞቻችን ጋ ዛሬም ድረስ በዚሁ ስሙ ነው የሚጠራው።

አሁን ጥሊሊ አስፋልቱ ዳር ቁጭ በሉ እንበል። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ በከተማችን ነው የሚያልፈው፤ የሰው እግር አይጠፋም። የሚያልፈውን ሰው ጫማ ከኋላ እዩት። አዲስ ጫማ ታኮው ቀጥ ያለ ነው። ብዙ የተሄደበት ጫማ ግን ታኮው በአንድ ጎን ይበላል፣ ጫማው ይንሻፈፋል። ባለቤቱ ሊስትሮ ጋ ሄዶ ፊቱን ቀለም አስቀብቶ ሊያብለጨልጨው ይችላል። ታኮውን ግን ቀለም አይመልሰውም።

አንድ ነገር አስተውሉ። የተበላ ታኮን ባለቤቱ ቆሞ ወደ ታች ቢያይም አይታየውም። የሚታየው ከኋላው ለሚሄደው ሰው ነው። ይቺን ያዙልን፣ በኋላ እንመለስባታለን።

አባባሏ ከዚህ ተነስታ ከጫማው ወደ ባለጫማው ተሻገረች። ታኮው ያለቀ ጫማ ያደረገ ሰው፣ ኑሮው የተጎሳቆለ ሰው ሆነ። ከሰውም አልፋ ወደ ቤት፣ ወደ ሆቴል፣ ወደ ሰፈር፣ ወደ ከተማ ሄደች። ዛሬ እንግሊዝኛ ጋዜጣ ላይ «ዳውን አት ሂል ሆቴል» የሚል ካያችሁ፣ ድሮ ደህና የነበረ፣ አሁን ቀለሙ የለቀቀ፣ ምንጣፉ የነተበ፣ ቧንቧው የሚያንጠባጥብ ሆቴል ማለታቸው ነው።

ለምን ታኮ? ለምን ቁልፍ ወይም ኪስ አልሆነም?

ይሄ ጥያቄ ለኛ ለአዊ ልጆች ይጥማል፤ መልሱ ፈረስ ላይ ስለሚወስደን።

በአውሮፓ ታኮ ያለው ጫማ የተለመደው በ1500ዎቹ መጨረሻና በ1600ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች መነሻውን ወደ ፋርስ፣ የዛሬዋ ኢራን፣ ፈረሰኞች ይወስዱታል። ፈረሰኛው ጋልቦ እየሄደ እርካቡ ላይ ሲቆም እግሩ እንዳይሾልክ የሚይዝለት ታኮው ነበር። የአውሮፓ መኳንንት ያንን ወሰዱት፤ ቀስ በቀስ ታኮ የጌትነት ምልክት ሆነ። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በቀይ ታኮው ይታወቃል። የትኛውም ድሃ ገበሬ እንዲህ ዓይነት ጫማ አያደርግም ነበር።

እኛ ሀገር ደግሞ ድሮ ፈረሰኛ በባዶ እግሩ ሆኖ በአውራ ጣቱ የሚይዘው ትንሽ እርካብ ነበረው። ታኮ አላስፈለገውም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማህበር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ እኛ ጋ የፈረሰኛ ክብሩ የሚታየው በፈረሱ ሽልማት እንጂ በጫማው ቁመት አይደለም። እነሱ ጋ ግን ታኮ ክብር ስለነበረ፣ የታኮ ማለቅ የክብር ማለቅ ሆኖ ተቆጠረ።

አባባሏ ራሷ ከ1700ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጽሁፍ ትገኛለች። ያኔ የተበላ ታኮ ብቻ ሳይሆን የኋላው ተረግጦ የተጨፈለቀ ጫማንም ታመለክት ነበር። ጫማችሁን ሳታስገቡ ኋላውን ረግጣችሁ ደጅ ስትወጡ እናቶቻችን የሚቆጡትን ቁጣ አስቡት፤ ያ ነው።

ከሷ የምትቀድም እህትም አለቻት፤ «አውት አት ሂልስ» ትባላለች። የካልሲው ተረከዝ የተቀደደበት ማለት ነው። ዊልያም ሼክስፒር በ1600ዎቹ መጀመሪያ በጻፈው «ንጉሥ ሊር» ተውኔት ውስጥ ኬንት የተባለው ታማኝ መኳንንት እግሩን በእግር ግንድ ጠርቀው ሲያስሩት ይቺን አባባል ለሰው ዕድል ይጠቀምባታል። ማለትም ተረከዝን ከዕድል መጥፋት ጋር ማያያዝ ቢያንስ 400 ዓመት አስቆጥሯል።

ታዲያ ስህተታችን ምኑ ላይ ነው?

ሦስት ነገር ነው የሳትነው።

1ኛ) አባባሏ «ድሮ ደህና ነበር» የሚል ነገር በውስጧ አለ። ታኮው እንዲያልቅ መጀመሪያ ታኮ ያለው ጫማ መኖር አለበት። ሥራ አጥቶ ሱፉ የወየበበት የድሮ ባለሥልጣን ለአባባሏ ልክ ነው። የከሰረ ነጋዴም ልክ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ከእጅ ወደ አፍ የኖረ ሰው ግን ከየትም አልወረደም። የልጁ እናት ትናንት ባለጸጋ ሆነው ዛሬ አልወደቁም። እንዲያውም በድንች ንግድ ልጅ አስተምረው 12ኛ አስጨርሰዋል። ሰውየው የሚያነበው ግን «እናቱ ድሮ ሀብታም ነበረች፣ አሁን ወደቀች» ብሎ ነው።

2ኛ) አባባሏ የምትናገረው ስለ መልክ ነው። ስለ ገቢ አይደለም። የባንክ ሂሳብህ ባዶ ሆኖ ልብስህ ንጹህና የተተኮሰ ከሆነ «ዳውን አት ሂል» አይሉህም። ገንዘብ እያለህ አለባበስህ ከተጎሳቆለ ግን ሊሉህ ይችላሉ። ስለዚህ ልጁ ሳያስበው ስለ እናቱ ኑሮ ሳይሆን ስለ እናቱ መልክ ነው የጻፈው።

3ኛ) የተመልካች ቃል ናት። የተበላውን ታኮ የሚያየው ከኋላ ያለው ሰው ነው ብለን አልነበር? አባባሏም እንደዛው ናት። ብዙ ጊዜ ሰው ሌላውን አይቶ የሚናገራት ናት፤ ትንሽ ከላይ ሆኖ የማየት ነገር አላት። ስድብ አይደለችም፣ ግን ልጅ ስለ እናቱ ሲናገራት ደስ አትልም።

ከሷ ጋር የሚምታቱ

«ዳውን ኤንድ አውት»፦ ይቺ የባሰች ናት። ቤት የሌለው፣ ሥራ የሌለው፣ ምንም የቀረለት ነገር የሌለ ሰው ማለት ነው። ጆርጅ ኦርዌል በ1933 እ.ኤ.አ. ፓሪስና ለንደን ውስጥ ስላሳለፈው የችግር ሕይወት ያሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ላይ ያለችው ይቺ ናት። በኛ «ሜዳ ላይ የወደቀ» ብንላት ትቀርባለች። «ዳውን አት ሂል» የተባለ ሰው ግን ቢያንስ ጫማ አለው፤ የሚገባበት ቤትም ይኖረዋል።

«ዌል ሂልድ»፦ ሀብታም ማለት ነው። ታኮው የተስተካከለ፣ ስለዚህ ያለው ሰው ብላችሁ ብትገምቱ አይፈረድባችሁም፤ እኛም እንደዛ ነበር የመሰለን። መነሻዋ ግን የዶሮ ግጥሚያ ነው ይባላል። ለድብድብ የሚቀርብ አውራ ዶሮ እግሩ ላይ ስለት ይታሰርለት ነበር፤ በደንብ የታጠቀ ዶሮ ለማለት ነበር የሚሏት። አሜሪካ ውስጥ በ1800ዎቹ ሽጉጥ ለታጠቀ ሰው ተባለች፣ ከዚያ ገንዘብ ለታጠቀ ሰው።

«ጎን ቱ ሲድ»፦ ይቺን የገበሬ ልጅ ሳይነገረው ይገባዋል። ጎመን በጊዜው ሳይቀነጠስ ቀርቶ አብቦ ወደ ፍሬ ሲሄድ ቅጠሉ ለወጥ አይሆንም። ራሱን የጣለ፣ እንክብካቤ ያጣ ሰው ወይም ቦታ ማለት ነው።

«ስሬድቤር»፦ ጨርቅ ተጠራርጎ ክሩ ብቻ ሲቀር። እኛ «ነተበ» የምንለው ቁርጥ እሱ ነው። ለሰለቸ ምክንያትም ይጠቀሙባታል፤ «የነተበ ሰበብ» እንደማለት።

«ሻቢ»፦ ተራው ቃል ይሄ ነው፤ ያረጀ፣ የተጎሳቆለ። ነገር ግን «ኖት ቱ ሻቢ» ካሏችሁ እንዳትከፉ! ሙገሳ ነው። «ምንም አይልም፣ አሪፍ ነው» ማለታቸው ነው። ቲክቶክ ላይ ሥራችሁን አይቶ አንድ ፈረንጅ እንዲህ ቢላችሁ አመስግኑት።

አማርኛችን ምን አለው?

ሞልቶታል። ልብሱ ነተበ፣ ወየበ፣ ተቦጫጨቀ። ጫማው ተንሻፈፈ። ድሪቶ ለበሰ፣ ቡትቶ ለበሰ። ሰውየው ተጎሳቆለ፣ ከሰውነት ተራ ወጣ። ገንዘብ ሲጠፋ እጅ አጠረን እንላለን። ሲገኝ ደግሞ «ያለው ማማሩ» ይባላል።

ልዩነቱን አያችሁት? «እጅ አጠረኝ» ሰው ስለራሱ የሚናገረው ነው። ውርደት የለውም፤ ዛሬ ያጠረ እጅ ነገ ይረዝማል። «ተጎሳቆለ» ግን ሌላው ሰው አይቶ የሚለው ነው። «ዳውን አት ሂል» የምትጠጋው ወደ «ተጎሳቆለ» ነው። ልጁ ሊል የፈለገው «እጅ ያጠራት ግን ያላነሰች እናት» ነበር። እኛ ያጸደቅንለት ሌላ ነው።

ጫማ እኛ ጋ ሌላ ታሪክ አለው

እዚህ ላይ እንግሊዝኛውን ትንሽ እንተወውና ወደ እግራችን እንምጣ።

አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሮጦ አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ በጫማ ሮጦ ደገመው። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያዩት ሁሉ ተደነቁ እንጂ «ዳውን አት ሂል» ያለው አልነበረም፤ ያለቀ ታኮ የለማ!

በረባሶንም እናንሳ። ከመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ ለብዙ ጊዜ የችግረኛ ጫማ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ግን ቤተልሔም ጥላሁን አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ያንኑ ሐሳብ ይዛ «ሶልሬብልስ» የሚል የጫማ ድርጅት መሠረተች፤ የጎማ ሶል ያለው ጫማ ውጭ ሀገር ድረስ ተሸጠ። ጎማው ያው ጎማ ነው። የተቀየረው የሚያየው ሰው ዓይን ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ ይሄ ነው። ጎጃምን ጨምሮ በብዙ የሀገራችን ደጋማ ቦታዎች ፖዶኮኒዮሲስ የሚባል የእግር እብጠት በሽታ አለ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለረጅም ዓመት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው። ትንኝ አያስተላልፈውም፣ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም፣ እርግማንም አይደለም። ከአፈሩ ጋር ያለውን ግንኙነት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ ያሳየው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። መከላከያው ምን መሰላችሁ? ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ። በቃ።

ስለዚህ እኛ ጋ ታኮው የተበላ ጫማም ቢሆን ሥራ እየሠራ ነው። ክፍል ውስጥ የተንሻፈፈ ጫማ ያደረገ ልጅ ላይ የምትስቁ ካላችሁ ይቺን አስቡ። ያ ጫማ እንደ ፋሽን አላማረም ይሆናል፤ እግሩን ግን ከአፈሩ ለይቶታል። የሆነች እናት ከድንቹ ብር ቀንሳ የገዛችው ነው።

ሰፈርን «ዳውን አት ሂል» ማለትስ?

ይሄኛው በጣም የተለመደ አጠቃቀም ነው፤ የጉዞ ጽሁፍ የምትጽፉና ቪዲዮ የምትሠሩ ልብ በሉ። አዲስ አበባ ፒያሳ ትልቁ ክፍሏ በ2016 ዓ.ም. ከመፍረሱ በፊት አባባሏ የምትገባባት ሰፈር ነበረች ማለት ይቻላል። ድሮ የከተማዋ የዘመናዊነት ፊት ነበረች፤ በኋላ ቤቶቿ አረጁ፣ በረንዳዎቹ ተሰነጣጠቁ፣ ቀለሙ ለቀቀ። «ድሮ ደህና ነበር» የሚለው ነገር አለ፣ መልክ ላይ የሚታይ ማርጀት አለ። ትክክለኛ አጠቃቀም ነው።

ገና በማደግ ላይ ያለች ትንሽ ከተማን ግን «ዳውን አት ሂል» ብትሏት ስህተት ነው። ጥሊሊ ቆርቆሮ ቤት ስላላት ከከፍታ ወርዳለች ማለት አይደለም። ወደ ላይ እየሄደች ያለችን ከተማ ወደ ታች እየሄደች ነው እንደማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ታኮው ያለቀ ጫማ አይጣልም። ጫማ ጠጋኝ ጋ ይኬዳል፣ ታኮው ይነሳል፣ አዲስ ይመታል፣ ጫማው ሌላ ዓመት ይሄዳል። ያረጀን ሰፈር ስትገልጹም «ያለቀለት» እና «ጥገና የሚፈልግ» የተለያዩ መሆናቸውን አትርሱ። «ዳውን አት ሂል» ሁለተኛው ናት።

ስትጠቀሙባት

• ከስም በፊት ስትገባ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሦስቱን ቃላት በጭረት አያይዟቸው። እንግሊዞች «ዳውን አት ሂል» ሲሉ አሜሪካኖች «ዳውን አት ዘ ሂልስ» ማለትም ያበዛሉ። ሁለቱም ልክ ነው።

• በግዕዝ ፊደል ስንጽፈው «ሂል» ሦስት የተለያየ ቃል ይሆንብናል፤ ተረከዝ፣ ኮረብታና መፈወስ። በእንግሊዝኛ የተረከዙና የመፈወሱ ድምፅ አንድ ነው፤ ረዘም ይላል። የኮረብታው አጭር ነው። አጭሯን ብላችሁ «ከኮረብታው በታች» እንዳታስመስሉት።

• ሰውን ፊት ለፊት አትበሉት። ለሆቴል፣ ለሰፈር፣ ለልብወለድ ገጸ ባሕርይ ግን አሪፍ ናት።

• ድህነትን ለመግለጽ ከፈለጋችሁ ቀጥታውን ተራ ቃል ተጠቀሙ። ማመልከቻ የሚያነብ ሰው ያጌጠ አባባል አይቆጥርም፤ ምን እንደሆነ ማወቅ ነው የሚፈልገው።

ልጁስ?

በማግስቱ ጠዋት ጻፍንለት። «ይቅርታ፣ ተሳስተን ነው የነገርንህ» አልነው፤ ከላይ የጻፍነውን ሁሉ በድምፅ መልእክት አስረዳነው። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ «ታዲያ ምን ልበል?» አለን።

እኛ ሌላ አባባል አልሰጠነውም። «እናትህ ምን ትሠራለች? እሱን ጻፈው» አልነው። ከሰዓት በኋላ አዲሱን ላከልን። በአማርኛ ብናመጣው እንዲህ ይላል፦ «እናቴ ገበያ ላይ ድንች ትሸጣለች። ሌሊት 11 ሰዓት ትነሳለች። የትምህርት ቤት ጫማዬን በየዓመቱ የምትገዛልኝ ከዚያ ነው፤ የራሷን ግን ከገዛች ቆይታለች።»

እንግሊዝኛው ላይ ሁለት የፊደል ስህተት ነበረ፣ እሱን አስተካከልንለት። ሌላ ምንም አልነካንም። ማመልከቻውን ልኳል፤ መልስ ሲመጣ እሱ ከፈቀደ እንነግራችኋለን።

እናንተስ ሰፈራችሁ ያለቀ ጫማን፣ የነተበ ልብስን ምን ብላችሁ ነው የምትጠሩት? በአዊኛም በአማርኛም ጻፉልን፤ ሰብስበን እናወጣዋለን። ማመልከቻ እየሞላ ያለ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ይቺን ሼር አድርጉለት።